ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ

ኮሜዲ መጻፍ የጀመሩ ልጆች ሲያገኙኝ በብዛት የሚጠይቁኝ «ቀልዱን ከየት ነው የምታመጣው?» ብለው ነው። ጥያቄው ቅን ነው፤ ግን መንገድ ያስታል። ቀልድን የሆነ ቦታ ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ ተለቅሞ የሚመጣ ነገር ያስመስለዋል። እኔ ስጽፍ ቀልድ አልፈልግም። ሰው ነው የምፈልገው። አንድ ነገር አጥብቆ የሚመኝ፣ ግን ባለበት ቦታና በከበቡት ሰዎች ፊት «ይህን እፈልጋለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር የማይችል ሰው። እሱን ካገኘሁ የቀረው ሥራ እሱን መከተል ነው።

ይህን በደንብ ላስረዳ፤ ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ስክሪፕት የሚጻፈው እንዲህ ነው። ጸሐፊው የሚያውቃቸውን ቀልዶች ይሰበስባል፤ ከጓደኛ የሰማውን፣ ቴሌግራም ላይ ያነበበውን፣ ራሱ የፈጠረውንም። ከዚያ ሁለት ሦስት ገጸ ባሕርያት ያበጅና ቀልዶቹን ያከፋፍላቸዋል። አንዱን ለባል፣ አንዱን ለሚስት፣ አንዱን ለጎረቤት። ገጽ አንድ ላይ እንስቃለን። ገጽ ሦስት ላይ ይደክመናል፤ ለምን እንደደከመን እንኳ አናውቅም። የሚያደክመን ባልም፣ ሚስትም፣ ጎረቤትም አንድ ሰው ስለሆኑብን ነው። ሁሉም ቀልደኛ፣ ሁሉም አፈ ጮሌ፣ ሁሉም ጸሐፊው ራሱ። ከዚያ ክፍል ውስጥ የሚፈልጉት ምንም ነገር የለም፤ ተራ እየጠበቁ ቀልድ ያወራሉ። መፈተኛው ቀላል ነው። የተናጋሪዎቹን ስም በእጃችሁ ሸፍናችሁ ንግግሩን ብቻ አንብቡ። ማን እንደተናገረ መለየት ካልቻላችሁ ገና ሰው አልጻፋችሁም።

«የአለቃ ገብረሃና ቀልድስ? እሱ አንድ መልስ ብቻ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። የአለቃን ጨዋታ የሚያውቅበት ሰው ሲያወራው ልብ ብላችሁ ስሙ። አለቃ ማን ቤት እንደተጋበዙ፣ እንዴት እንደራባቸው፣ ባለቤቲቱ ምን ይዛ እንደቀረበች፣ ሌሎቹ እንግዶች ምን እንዳሉ፣ ሁሉንም ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። መልሱ አንድ መስመር ነው። ከሱ በፊት ያለው ግን ረጅም ነው፤ ጨዋታ አዋቂ ደግሞ እዚያ ላይ አይቸኩልም። ጀማሪ መልሱን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ሲያወራው ደግሞ ማንም አይስቅለትም።

እኛ አገር ኮሜዲ ለሚጽፍ ሰው የተሰጠ ትልቅ ሀብት አለ፤ ይሉኝታ። ሰው ቤት ትገባለህ፤ ርቦሃል፤ «ብላ እንጂ» ትባላለህ፤ «ኧረ በቃኝ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። እንደዋሸህ ታውቃለህ። ባለቤቷም ታውቃለች። ግን እሷ «በሞቴ» ትላለች፣ አንተ «እንግዲህ ለመቅመስ ያህል» ትላለህ፣ እሷ ጨለፍ አድርጋ ትጨምራለች፣ አንተ እጅህን ትሪው ላይ ዘርግተህ «ኧረ ይበቃል!» እያልክ ወጡ እንዳይቀር ዐይንህ ድስቱን ይከተላል። በልብ ያለውና ከአፍ የሚወጣው እንዲህ ሲራራቁ ኮሜዲው መካከላቸው ላይ ነው ያለው። የእድር ስብሰባ፣ እቁብ፣ ለቅሶ ቤት፣ ምርቃት፣ የቤት ኪራይ፣ ሽምግልና፣ በሁሉም ቦታ ምን እንደሚባልና ምን እንደማይባል ሰው ሁሉ ያውቃል። ደንቡ ጠንከር ባለ ቁጥር፣ ከደንቡ ውጭ የሆነ ነገር የሚፈልግ አንድ ሰው ብቻ ይበቃችኋል። ለዚህ ነው ለጀማሪ ሁልጊዜ ሥርዓት ያለበት ቦታ ምረጡ የምለው።

ሽምግልናን እንውሰድ። ልጅ ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ይላካሉ። የልጅቷ አባት ነገሩን ካወቁ ቆይተዋል፤ ቤቱ ተወልውሏል፣ ዶሮው ተሠርቷል፣ ሽታው እስከ አጥሩ ይመጣል። እሳቸው ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው «ምነው፣ በደህና ነው?» ብለው ይቀበሏቸዋል። ተቀመጡ ሲባሉ ሽማግሌዎቹ አይቀመጡም፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ መቀመጥ ደንቡ አይደለም። እስከዚህ ያለው በየቤቱ የምናውቀው ነው፤ ገና ምንም አልፈጠርንም።

ጀማሪ እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹን ያስቀልዳቸዋል። አንዱ ስለ ዘንድሮ ወጣት፣ ሌላው ስለ ኑሮ ውድነት። እኔ ግን ከሦስቱ አንዱን፣ ጋሽ ታደለ እንበላቸው፣ ጉልበታቸውን አሳምማቸዋለሁ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልጨምርም። ጋሽ ታደለ ከዚያ ቤት የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቀመጥ። ወንበሩ ከፊታቸው ነው። ግን ከተቀመጡ ሽምግልናውን ያበላሻሉ፤ «አመመኝ» ካሉ ደግሞ የተላኩበትን ትተው በሰው ፊት እርጅናቸውን ሊያወሩ ነው።

አሁን ተከተሏቸው። አባትየው «አረፍ በሉ እንጂ» ሲሉ ጋሽ ታደለ ዝቅ ማለት ይጀምራሉ፤ መሪው ሽማግሌ «የለም፣ ቆመን ነው የምንናገረው» ሲሉ ከመንገድ ይመለሳሉ። መሪው ከምርቃት ጀምረው፣ ወደ አያት ቅድመ አያት ሄደው፣ ገና ወደ ልጁ ሳይደርሱ ጋሽ ታደለ ጣልቃ ይገቡና «ባጭሩ ልጅቷን ስጡን» ይላሉ። ቤቱ ጸጥ ይላል። አባትየው ለወጉ ያህል መጠየቅ አለባቸውና ይጠይቃሉ።

— ልጁ ሥራ አለው?
— አለው።
— ጸባዩስ?
— ግሩም ነው።
— መጠጥ ይቀምሳል እንዴ?
— ይቀምሳል፣ ምን ችግር አለ፣ እንስማማ።

መሪው የጋሽ ታደለን ክንድ ይቆነጥጣሉ። አባትየው ወዲያው እሺ ቢሉ ልጃቸውን እንዳረከሱ ስለሚቆጠር ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «እንግዲህ ከዘመድ ጋር መምከር ይኖርብኛል፤ ሁለት ሳምንት ታገሡን» ይላሉ።

ጋሽ ታደለ፦ «ቆመን?»

ይህችን ቃል ለብቻዋ ወስዳችሁ ለሰው ንገሩ። ማንም አይስቅም፤ ምክንያቱም ቀልድ አይደለችም። ጋሽ ታደለ ሊያስቁ አልፈለጉም። የምር ነው የጠየቁት፤ ፈርተዋል። ኮሜዲ ውስጥ ያለ ሰው ስለ ጉዳዩ እንደዚህ የምር መሆን አለበት፤ ለእሱ ነገሩ ሁሉ ከባድ ነው። ተዋናዩም «ቆመን?» ሲል አስቂኝ ልሁን ካለ ነገሩ ያልቃል። ለተዋናይ ጓደኞቼ ሁሌ የምለምናቸው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ እባካችሁ አታስቁ፣ ፈልጉ።

አንድ ሌላ ነገር እዩ። በጠቅላላው ትዕይንት ውስጥ «ጉልበት» የምትል ቃል ማንም አልተናገረም። መጀመሪያ በሰውነታቸው መጣ፣ ቀጥሎ በችኮላቸው፣ ቀጥሎ ለሁሉም ነገር እሺ በማለታቸው፣ በመጨረሻ በአንዲት ጥያቄ። ያው ፍላጎት ነው፤ መልኩ ነው የሚቀያየረው። ብዙ ጀማሪ መደጋገም ያስቃል ሲባል ይሰማና አንዲትን አባባል ደጋግሞ ያስብላል፤ ሦስተኛው ላይ ትሰለቻለች። የሚደጋገመው ቃሉ ሳይሆን ፍላጎቱ ነው። ይህ እንዲሠራ ግን ተመልካቹ ከሁሉም ቀድሞ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከመግባታቸው በፊት ጋሽ ታደለ ደጁ ላይ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሲያሹ፣ ሌሎቹ ዞር ሲሉ ደግሞ ቶሎ ቀና ሲሉ ማሳየት ግድ ነው። ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ያቺ ሦስት ሰከንድ ከሌለች የቀረው ሁሉ ግራ ያጋባል።

ወደ ዓረፍተ ነገሩ ስንመጣ አማርኛችን ለኮሜዲ የሚያደላ አሠራር አለው፣ ካወቃችሁበት። «ውሻችን ሌባው ሲገባ ነቃ፣ ተነሳ፣ ጅራቱን እየቆላ እስከ በር ሸኘው።» ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰሚው እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ውሻው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ያልተጠበቀው ነገር ድርጊት ሲሆን ቋንቋው ራሱ ይሠራላችኋል። ያልተጠበቀው ነገር ስም ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። «ሥራ አስኪያጃችን የሌላ ድርጅት ሪፖርት ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና አደረ» ብትሉ ጉዳዩ መሃል ላይ ወጥቶ ያልቃል፤ የቀረው ዓረፍተ ነገር ትርፍ ጭራ ይሆናል። «ሥራ አስኪያጃችን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያደረው የሌላ ድርጅት ሪፖርት ነው» በሉት። ቃላቱ ያው ናቸው ማለት ይቻላል፤ ቦታቸው ነው የተቀየረው። ስክሪፕት ሳርም ጊዜዬን የሚወስደው አዲስ ቀልድ መጨመር ሳይሆን ይህ ቃል ማንቀሳቀስ ነው።

መድረክ ላይ ብቻችሁን ቆማችሁ ስታወሩ ደግሞ «አለ» እና «አለች» ያስቸግሯችኋል። ሰውየው ዋናዋን ቃል ከተናገረ በኋላ «አለኝ» ብላችሁ ስትጨምሩ፣ ሳቁ ሊወጣ ሲል በዚያች ቃል ትዘጉታላችሁ። አባቶቻችን ይህን ችግር ከፈቱት ቆይተዋል። «ታዲያ እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?» ይሉና ትንሽ ያቆያሉ፤ ከዚያ መልሱን ይናገራሉ፣ ይዘጋሉ። «ምን አለ መሰላችሁ?» የሚለውም ያው ነው። እኔ ይህን እንደ ማዳመቂያ ብቻ ስሰማው ኖሬ መጻፍ ስጀምር ነው ምን ያህል ብልሃት እንዳለው የገባኝ፤ ጭራዋን ወደ ፊት አምጥቶ መጨረሻውን ለሳቅ ነፃ ያደርገዋል።

አጠራርም ትልቅ ነገር ነው። አከራይና ተከራይ ጻፉ። ኪራይ በጊዜው የተከፈለ ሰሞን ተከራዩ ከበር ላይ «እትዬ፣ ዛሬም ውሃ የለም?» ይላል። ቀኑ ያለፈበት ሰሞን ያው ልጅ ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ፣ ወገብዎን ተሻለዎት?» ይላል። እሳቸው ደግሞ ከ«አንተ ልጅ» ወደ «ልጄ» ከተሸጋገሩ ኪራይ ሊጨምሩ ነው። ማንም ስለ ገንዘብ አላወራም፤ ሁሉም ነገር ግን ተነግሯል። በባልና በሚስት መሃል ድንገት «እርስዎ» ሲገባ ቤቱ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን የማይዋጥልኝን ነገር ልናገር። ብዙ ኮሜዲ ውስጥ የሚሳቅበት ሰው የቤት ሠራተኛዋ ነች፣ ከገጠር የመጣው ዘበኛ ነው፣ አፉን በሌላ ቋንቋ ፈትቶ አማርኛን በትምህርት ወይም በሥራ የለመደ ሰው ነው። የሚሳቅበት ደግሞ ስለሚፈልገው ነገር ሳይሆን ስለ አነጋገሩ ነው። ይህ ይጎዳል፤ ሰዎችን ይጎዳል፣ ጽሑፉንም ይጎዳል። ያቺ ሠራተኛ ከቤቱ ባለቤቶች ሁሉ ይልቅ የቤቱን ምሥጢር የምታውቅ ሰው ነች፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን የት እንዳመሸ ታውቃለች፤ ዝም ማለት ግን አለባት። ከእሷ የበለጠ የኮሜዲ ሰው ከየት ይመጣል? ጸሐፊው ግን ቃል ሲያሳስታት ይውላል።

የአገራችን የኮሜዲ መነሻ እንዲህ አልነበረም። የዘመናዊ ቴአትራችን ታሪክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ኮሜዲ ነው። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም ገደማ «የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። መድረኩ ላይ ያሉት እንስሳት ናቸው፤ የሚነካው ግን ሹማምንቱን ነው። ሹማምንቱም አልጠፋቸውም፤ ሥራው ታገደ። ከዚያ በኋላ ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ መጡ። «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ የተማረው የባላባት ልጅ ሠራተኛውን ሊያገባ ሲነሳ ሳቁ የሚወድቀው ዘር በሚቆጥሩት ላይ ነው፤ በእሷ ላይ አይደለም። እዚህ ላይ ቤት ውስጥ ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ እንደሆነ አልተደበቀም፤ ግን ደራሲው ማንን እንደሚታዘብ ያውቃል። ኮሜዲ መጻፍ ለሚጀምር ሰው ከመንግሥቱ ለማ ተውኔቶች የሚበልጥ ትምህርት ቤት በአማርኛ አላውቅም። ስታነቡ እርሳስ ይዛችሁ በየገጹ ዳር «ይሄ ሰው አሁን ምን ፈልጎ ነው?» እያላችሁ ጻፉ።

እሳቸው የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በመጽሐፍ ማሳተማቸውም ለእኔ ከኮሜዲያቸው የማይለይ ነገር ነው። የሽማግሌ ንግግር እንዴት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ወዴት እንደሚዞር በጆሮ ነው የሚለመደው። ስለዚህ አዳምጡ። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱና ሰው የተናገረውን እንደተናገረው ጻፉ፣ ሳታሳምሩ። ሰሞኑን የጻፍኩትን ልንገራችሁ። ታክሲ ውስጥ ነን፣ መገናኛ፣ መንገዱ ተዘጋግቷል። ከኋላ ያለ ልጅ ስልክ አንስቶ «ፒያሳ ደርሻለሁ፣ እየወረድኩ ነው» ይላል። ታክሲው በሙሉ ሰምቷል፤ ማንም ምንም አላለም። አጠገቡ ያሉት ሴትዮ እንደውም ማውራታቸውን አቆሙለት። ይህን ሰው ጻፉት። አሁን የሚፈልገው ነገር ግልጽ ነው፤ ረዳቱ «መገናኛ ወራጅ አለ?» ብሎ እንዳይጮህ።

ከየት ልጀምር ለሚል ሰው ልኩ ይህን ያህል ነው፤ አንድ ክፍል ወይም አንድ ታክሲ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ ተነስተው መሄድ የማይችሉበት ምክንያት፣ ሦስት ገጽ። ሲትኮም የመጻፍ ሕልም ያለው ሰው አሥራ ሁለት ክፍል አቅዶ መነሳቱን አልመክርም። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮም ለጀማሪ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ የጋሽ ታደለን ጉልበት የምታስቀምጡበት ቦታ የለም። ሁለት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰን የመሳሰሉ ጥንዶች መድረካችን ላይ ያን ያህል የተወደዱት በከንቱ አይደለም፤ አንዱ አንድ ነገር ሲፈልግ የሚከለክለው ሰው አጠገቡ ቆሟል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ ለሰው አንብቡ። ጸሐፊ ላልሆነ ሰው ቢሆን ይሻላል፤ እህት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እኛ ሰዎች ይሉኝታ አለብንና «አሪፍ ነው» ይሏችኋል። ፊታቸውን እዩ። ስልካቸውን ያዩበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ እዚያ ጋ ገጸ ባሕርይው የሚፈልገውን ረስቷል ማለት ነው። ከዚያ በጣም የምትወዷትን ቀልድ ፈልጉና ሰውየው ያለ እሷ የሚፈልገውን ማግኘት ይችል እንደሆነ እዩ። ከቻለ አውጧት። ትከብዳለች፣ አውቃለሁ። ሌላ ደብተር ላይ አስቀምጧት፤ አንድ ቀን የምር የሚያስፈልጋት ሰው ሊመጣ ይችላል።

እኔ አሁን የያዝኩት የእድር ስብሰባ ነው። ሊቀመንበሩ ሥልጣን መልቀቅ እንደሚፈልጉ በየስብሰባው ይናገራሉ፣ ይለመናሉ፣ ይቀጥላሉ። ዘንድሮ አዲስ የገባ አባል፣ ደንቡን የማያውቅ፣ እጁን አውጥቶ «ደከመኝ ካሉ እሺ እንበላቸዋ» አለ። ከዚህ በኋላ ያለውን ገና እየጻፍኩ ነው፤ ሊቀመንበሩ ምን እንደሚያደርጉ እስካሁን አልነገሩኝም።